የተሰበረ ዕቃ የለም

የኮሌጃችንን ዜና መጽሔት ማዘጋጀት በእኔ በቋንቋ መምህሩ ጫንቃ ላይ ከወደቀ ጀምሮ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከአንዱ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላው እየዞርኩ ወሬ መልቀም ሥራዬ ሆኗል። የኬሚስትሪ ሰዎች የሚያወሩት አጥተው አያውቁም። የሒሳብ ክፍል ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም ውድድር ይዘረዝርልኛል። የፊዚክስ ክፍል ግን የሚሰጠኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ እሷም ከዓመት ዓመት ቃሏ አይለወጥም። «በዚህ ዓመት በቤተ ሙከራችን ውስጥ የተሰበረ ዕቃ የለም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆመው የሚያስጽፉኝ የክፍሉ አንጋፋ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው እሳቸው በሌሉበት «አባ ቁልፍ» ይሏቸዋል። የመሣሪያዎቹ ቁም ሳጥን ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ፣ ከሸሚዛቸው ሥር፣ አንገታቸው ላይ ስለሚውል ነው። ስሙን ሰምተውታል። «‹አባ እንቅልፍ› ካላሉኝ ምን ቸገረኝ» ብለው አልፈውታል።

የዚያን ዓመት ወደ እሳቸው ልሄድ አላሰብኩም ነበር። ያለፈውን ዓመት ቃል ቀድቼ ባትመው ማን ያውቅብኛል ብዬ፣ ግቢውን አቋርጬ ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ሮጬ የተጠለልኩት የፊዚክስ ሕንፃ በረንዳ ላይ ሆነ። እዚያም አባ ቁልፍና አንዲት ወጣት መምህርት ጎን ለጎን ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ሁለት ሰዎች ተከራክረው ፊት ለፊት መተያየት ሲያቅታቸው የሚያዩትን ያህል አተኩረው ነበር የሚያዩት።

ወጣቷ መምህርት ከዚሁ ክፍል የተመረቀች፣ እሳቸው ያስተማሯት ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሠርታ በዚያው ዓመት በመምህርነት ተመልሳለች። ካስተማሯቸው ሁሉ የተመለሰችው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ አባ ቁልፍ ለሰው ሲያስተዋውቋት «ይህች የኔ ናት» ነው የሚሉት።

«ደህና መጣህ፣» አሉኝ አባ ቁልፍ፣ እኔን ማየታቸው ያሳረፋቸው ይመስላሉ። «ዜናህን እዚሁ ውሰድ። የተሰበረ ዕቃ የለም። አለቀ።»

«እኔም ዜና አለኝ፣» አለች ወጣቷ። «ጋሼ ካልተቆጡኝ።»

«ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?»

ሳቄን ዋጥኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ንገሪው እንግዲህ። የቤታችንን ገመና ለመጽሔት ስጪ።»

«ገመና አይደለም፤ ነገ ሁሉም ያውቀዋል፣» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር ለዲኑ ጠይቀዋል። ዲኑ እስከ ዓርብ እንዲያስቡበት ነግሯቸዋል። ከሄዱ ክፍሉ ከእንግዲህ ተማሪ አይቀበልም። ይህን የኛን ፎቅ የሂሳብ አያያዝ ክፍል እየጠበቀው ነው፤ ጠረጴዛ ሊለኩ ሰው ልከው ነበር።»

አባ ቁልፍ ይህን ሲሰሙ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ደረታቸው ሄዶ ቁልፉን በሸሚዙ ላይ ነካ።

«የዘመኑ ልጅ ቀላሉን ይወዳል፣» አሉ። «ፊዚክስ ከባድ ነው። ገንዘብም ቶሎ አያስገኝም። ቢሄዱ ምን ይገርማል?»

«ጠየቅኳቸው እኮ፣ ጋሼ። ስለ ክብደቱም ስለ ገንዘቡም ማንም አላነሳም።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

ትንሽ አመነታች። «‹እዚህ ፊዚክስ የሚታይ እንጂ የሚሠራ ትምህርት አይደለም› አሉኝ። ሽቦ ነች ይህን ያለችው።»

ሽቦ የሚሏት አንዲት ረጅምና ቀጭን ተማሪ ናት። ስትጠይቅ ስለማትለቅ አባ ቁልፍ ይወዷታል። ለዚህ ነው ነገሩ የከበዳቸው።

የዚያን ክፍል አሠራር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መሣሪያዎቹ ሁሉ፣ ከቴርሞሜትር እስከ ናስ ሚዛን፣ ከማግኔት እስከ ኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ። ተማሪዎቹ «ሙዚየም» ይሉታል። የሙከራ ቀን ሲሆን አባ ቁልፍ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው የሚያስፈልገውን ያወጣሉ፤ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ሆነው ሙከራውን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ። ተማሪዎቹ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ዕቃው ተወልውሎ ይመለሳል። እጅግ ያማረ፣ ጸጥ ያለ ትምህርት ነበር፤ ዝም ብዬ አይቼው ተደንቄያለሁ።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉ አባ ቁልፍ። «እነዚህ ዕቃዎች በመምህሬ ጊዜ በእንጨት ሣጥን ተጭነው የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልመጣም። አንዱ ቢሰበር የሚተካልኝ ማነው? ሽቦ ዛሬ ብትጥለው፣ ነገ የሚመጣው ልጅ ምን ያያል? ደግሞ አደራ አለብኝ። መምህሬ ጡረታ የወጡ ቀን ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን በገዛ እጃቸው አጠፉልኝ። ‹አደራ› አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።»

«የምንን አደራ?»

«የዕቃውን ነዋ።»

«አልነገሩዎትም እኮ። ሌላ ቃል አልጨመሩም አሉ።»

«ምላስሽን ይሳሉልኝ ብዬ ነው ለካ እዚያ የላክሁሽ፣» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እኔ እስከዚህ ድረስ በልቤ ከአዛውንቱ ጋር ነበርኩ። ድሃ ቤት ያደገ ሰው አንዱን ብርጭቆ ለእንግዳ ብሎ ማስቀመጥን ያውቃል። ስለዚህ «መምህራችን እውነት አላቸው፤ የማይተካ ነገር ይጠበቃል» አልኩ።

ወጣቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከበረንዳው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፏ ተቀበለች።

«ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን የሆነውን ለጋሼ ነግሬያቸው አላውቅም፣» አለች። «የቤተ ሙከራው ሠራተኛ አንድ መለኪያ ከፊቴ አስቀምጦ ‹ጀምሩ› ብሎ ሄደ። የመለኪያውን ሆድ ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው እችላለሁ። ጋሼ ሙሉ ማርክ የሰጡኝ በሱ ነው። ግን ክብደቱን አላውቀውም። ሽቦው የት እንደሚሰካ በወረቀት አውቃለሁ፣ ጣቴ አያውቅም። አጠገቤ ያለው ልጅ ከእኔ ያነሰ ውጤት ይዞ የመጣ ነው፤ ሰክቶ፣ ተሳስቶ፣ ነቅሎ፣ እንደገና ሰካ። እኔ እስክሪብቶ የጠፋብኝ መስዬ ቦርሳዬን ስበረብር ሰዓቱ አለቀ።»

አባ ቁልፍ፣ «ለምን አልጻፍሽልኝም?» አሉ።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎ? ‹ጋሼ፣ ሙሉ ማርክ የሰጡኝ ልጅ መሰካት አቃታት› ብዬ?»

«የጻፈልኝ የለም እንጂ፣» አሉ አዛውንቱ፣ ለእሷ መልስ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «አንቺ ብቻ አይደለሽም። አንድም ሰው አልጻፈልኝም።»

ይህን ሲሉ በየዓመቱ የማየው ነገር ትዝ አለኝ። የቀድሞ ተማሪዎች ቀን ሲሆን አባ ቁልፍ የተተኮሰ ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከመማሪያ ክፍሉ ወንበር አውጥተው ቤተ ሙከራው ውስጥ በረድፍ ይደረድራሉ፤ ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ያስቀምጣሉ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ይቀመጣሉ። በኮሪደሩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። ኮቴው ያልፍና ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ኬሚስትሪ ይወጣል። ሲመሽ ወንበሮቹን ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ሻዩን አብሬያቸው የጠጣሁበት ጊዜ አለ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣» አሉ ወደ ወጣቷ ዞረው። «እነዚያ ኬሚስትሪዎች ልጆቻቸውን እኔ ከምወዳችሁ አብልጠው ወደዋል? እኔ የእያንዳንዳችሁን የእጅ ጽሑፍ እስካሁን እለያለሁ። ለምን እነሱ ጋ ይመጣሉ፣ እኔ ጋ አይመጡም?»

«ጣሪያውን ሊያዩ ነው የሚመጡት፣» አለች።

«የምን ጣሪያ?»

«የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ጣሪያ ላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ አለ። ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ያፈነዱት ነው። ያፈነዱት ሰዎች አሁን ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና ወደ ላይ እየጠቆሙ ‹ያ የኔ ነው› ይባባላሉ። ‹የለም፣ የኔ ነው› ብለው ሲጣሉም ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ እኛ እርስዎን እንናፍቃለን። እኔ ስናፍቅዎት ኖሬ ነው የመጣሁት። ግን የኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ‹ያ የኔ ነው› ብለን የምንጠቁመው ነገር የለም። ምንም አልነካንም። ምንም አልሰበርንም።»

ከቤተ መጻሕፍት ብዙ የትምህርት ዘዴ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ይህን የመሰለ ክርክር ግን አላገኘሁም። ሰው ልቡ የሚቀረው እጁ በሠራበትና ባበላሸበት ቦታ እንደሆነ በዚያ በረንዳ ላይ ገባኝ፤ ከአዛውንቱ ወገን መሆኔም ያን ጊዜ አበቃ።

አባ ቁልፍ ግን ገና አልተረቱም። ደግሞም ቀላል ሰው አይደሉም።

«እኔስ የምናፍቀው የሌለኝ መሰለሽ?» አሉ። «መምህሬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌስኮፑን አውጥተው እዚህ ሣር ላይ ተከሉት። በቀን ጨረቃ አለች ወይ ብለን ሳቅንባቸው። ብሎኗን ለእኔ ሰጡኝ። ራሴ እያዞርኩ ጨረቃዋ ስትጠራ... » እጃቸው በአየር ላይ የሌለ ብሎን አዞረ። «ቁልፉን ከተረከብኩ ወዲህ ያን ቴሌስኮፕ አንድም ቀን ከማኅደሩ አላወጣሁትም። የሚገባው ልጅ እስኪመጣ ብዬ።»

«አልመጣም?»

«እኔ ይገባዋል አይገባውም ስል፣ ይመረቁና ይሄዳሉ።»

ዝናቡ አባርቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እንየው፣» አለች ወጣቷ በለሆሳስ። «ባንጠቀምበትም። ዓርብ ሳይደርስ አንድ ጊዜ እንየው።»

እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ቁልፉን አወለቁ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሽቦና ጓደኞቿ ዝናቡን ሊያሳልፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያወሩ ነበር፤ አባ ቁልፍን ሲያዩ ዘለው ወረዱ። እሳቸው ልብ አላሏቸውም። ከቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ረጅም ጥቁር ማኅደር አወጡ፤ የተጠቀለለበትን ጨርቅ በየተራ ፈቱ። ናሱ ትናንት የተሠራ ይመስል አበራ። አንድ ጭረት የለበትም። ፊታቸው ላይ የወጣው ኩራት ለማየት ደስ ይላል።

የትልቁን ሌንስ ክዳን ከፈቱና ወደ መስኮቱ አነሱት። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጉት። እንደገና አነሱት። እንደገና ጠረጉት።

«አቧራ ነው፣» አሉ።

ወጣቷ ቀረብ ብላ አየች። በመስታወቱ ላይ ከዳር ወደ መሃል የሸረሪት ድር የመሰሉ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተዋል።

«ሻጋታ ነው፣ ጋሼ። ተዘግቶ ብርሃንና ነፋስ ያጣ ሌንስ ያወጣዋል። ሲቆይ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል።»

አባ ቁልፍ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሌንሱን ከቴሌስኮፑ ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ያዙት።

«የተሰበረ ዕቃ የለም እያልኩ አስጽፌሃለሁ፣» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «በየዓመቱ።»

የሚወዱትን ነገር በገዛ ጥበቃቸው ያበላሹ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም። አንድ ቀን ይለበሳል ተብሎ ሣጥን ውስጥ ብል የጨረሰው ልብስ በየቤታችን አለ።

ሽቦ ጠጋ ብላ ሌንሱን አየችው።

«ይታጠባል?» አለች።

አባ ቁልፍ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ሌንሱ። ይታጠባል ወይ?»

«ይታጠባል፣» አሉ ቀስ ብለው። «መምህሬ አሳይተውኛል። ለስላሳ ሳሙና፣ የተጣራ ውሃ፣ ጥጥ። ከመሃል ወደ ዳር። ሳይጫኑ።» ቀኝ እጃቸውን አነሱና አዩት። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ የዕድሜ ነው። እጃቸውን አወረዱ። ሌንሱን ወደ ልጅቷ ዘረጉ። «ነይ።»

ሽቦ ወደ ኋላ አለች። «እኔ?»

«አንቺ ነሽ የጠየቅሽው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁት ትምህርት በመድረክ ላይ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ታጥባለች፤ አዛውንቱ ከትከሻዋ በላይ ሆነው «ቀስ፤ የሕፃን ፊት ነው ብለሽ እጠቢ» ይላሉ፤ መነጽር ያደረገው ጓደኛዋ ውሃ ያፈሳል። «ሳሙናው መስታወቱን ለምን አይጎዳም?» ትላለች፣ ይመልሳሉ። «ሻጋታው ለምን ከዳር ጀመረ?» ትላለች፣ ያስባሉ። «አላውቅም» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድሩ ጠፋ፤ መስታወቱ የተበላበት ግን እንደ ትንፋሽ ያለ ምልክት ቀረ።

ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሕንፃው በስተምሥራቅ ገርጣ ያለች ጨረቃ ወጥታ ነበር። ሌንሱን ቦታው መልሰው ቴሌስኮፑን ከበረንዳው ደረጃ አጠገብ እርጥቡ ሣር ላይ ተከሉት። በየተራ አዩ፤ አንዱ ሲያይ ሌላው «ይበቃሃል፣ አንተ ልትከራያት ነው እንዴ?» ይለዋል። ሽቦ ጨረቃዋን ለማጉላት፣ ዓይን የሚጠጋበትን ትንሹን ሌንስ በሌላ ልትቀይር ነቀለችው። እጇ የሳሙና ውሃ አልለቀቀውም ነበር። አሟለጣትና የደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቀ።

ቀጭን ድምፅ ነበር። ሁሉም ሰምቶታል። ሁሉም ወደ አባ ቁልፍ ዞረ። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ ወጣቷ መምህርት ዓይኗን ጨፍናለች። የክፍሉ ዕጣ ዓርብ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት እንደሚቆረጥ ሁላችንም አውቀናል።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አነሱት። ወደ ሰማይ ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ዳሩ ነው የተሰነጠቀው፣» አሉ። «መሃሉ ያያል።» ራሳቸው ቦታው መለሱትና ወደ ጎን ሆኑ። «ተራሽ አላለቀም። እይ።»

ሽቦ እያለቀሰች አየች። ቆይታ፣ «ከስንጥቁ አጠገብ ተራራ አለ» አለች።

በመጨረሻ ያዩት እሳቸው ናቸው። ብሎኗን እያዞሩ ብዙ ቆዩ፤ «ይበቃዎታል» ለማለት የደፈረ የለም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል። «ሳሙናውን በደንብ አላስለቀቃችሁትም፣» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወረቀት ይዘሃል? ጻፍ። በዚህ ዓመት የቴሌስኮፑ ትንሹ ሌንስ ተሰንጥቋል።»

«ዜና ይሁን ወይስ ስሞታ?» አልኳቸው።

«ዜና ነው። የሰነጠቀችውንም ጻፍ። ተማሪ እንዳለን ይታወቅ።»

ዓርብ ሲደርስ አብዛኞቹ የዝውውር ጥያቄያቸውን ሳቡ። ሁሉም አልቀሩም፤ ባለ መነጽሩ ወደ ሂሳብ አያያዝ ሄዷል፣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ብትፈልጉት ቤተ ሙከራው ውስጥ ነው። የሂሳብ አያያዝ ሰዎችም ሌላ ሕንፃ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ ይሰበራል ብለን ፈርተን ነበር፤ ጥቂት ብቻ ነው የተሰበረው፣ የሚያውቀውን ዕቃ ሰው ይጠነቀቅለታልና። ሞተዋል ተብለው የተቀመጡ ሁለት መለኪያዎችን ተማሪዎቹ ፈታተው አስነሥተዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ባትሪ ፈስሶባቸው ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው ቁም ሳጥን በየሳምንቱ አየር ያገኛል። ከዚህ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ልጆች ቦርሳቸውን አይበረብሩም። ይህን የማነሳው ቁልፍ አንገቱ ላይ ያሰረ ሁሉ፣ የቢሮ ይሁን የቤት፣ የጠበቀውን አንድ ቀን ወደ መስኮት አንሥቶ እንዲያይ ነው።

ከዓመታት በኋላ በቀድሞ ተማሪዎች ቀን አባ ቁልፍ እንደ ልማዳቸው ወንበር ደርድረው፣ ሻይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል፤ አብሬያቸው ነበርኩ። በኮሪደሩ ኮቴ ተሰማ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ኮቴው ወደ ላይ አልወጣም።

ረጅምና ቀጭን ሴት ገባች። ሰላም ከማለቷ በፊት በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፤ አልተቆለፈም። ከመደርደሪያው ላይ ትንሹን ሌንስ አንሥታ ዳሩን በአውራ ጣቷ ፈለገች። አገኘችው።

«አለ እንዴ?» አለች።

«የት ይሄዳል፣» አሉ አዛውንቱ፣ ለመነሣት ወንበሩን እየተደገፉ። «ደግሞ ብቻውን አይደለም። ከአንቺ ወዲህ ጎረቤቶች አግኝቷል።»